ባለ ሁለት በር መህር

ጀዋሪያ መህሯ መኪና እንዲሆንላት ስትጠይቅ መጀመሪያ የሳቀው የገዛ አባቷ ከይረዲን ነበር።

በፈረንጆቹ 2013 ነው፣ ጥቅምት ላይ። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ሽማግሌዎቹ ፍራሹ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የመጡት የሐጂ ሙሚን የመጨረሻ ልጅ ለሆነው ለዘይድ ነው። ሁለቱም ቤተሰቦች ከድሬዳዋ መጥተው ጅቡቲ ኑሯቸውን ያደረጉ ነጋዴዎች ናቸው። ከይረዲን ጨርቅ ይሸጣል፤ ሐጂ ሙሚን ደግሞ ያገለገሉ መኪኖችን ከዱባይ እያስመጡ ባልባላ መንገድ ዳር ባለው ሰፊ ግቢያቸው ይሸጣሉ። ልጆቹ እንደሚዋደዱ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ሽምግልናው ለወጉ ያህል ነበር። የቀረው መህሩን መወሰን ብቻ ነው፤ ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጣት፣ አባትም ሆነ ባል የማይነካባት የራሷ ገንዘብ።

ከይረዲን ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል ገብቶ ልጁን ጠየቃት።

«መቼም ወርቅ ነው። ምን ያህል ልበላቸው?»

«ወርቅ አልፈልግም አባ። መኪና ነው የምፈልገው።»

ያን ጊዜ ነው የሳቀው። እናቷ ዘቢባ ግን ልጇን ስለምታውቅ አልሳቀችም።

«እየቀለድኩ አይደለም» አለች ጀዋሪያ።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ የሰው ዕቃ ታስለቅቃለች፤ ከዕቃው አብዛኛው ደግሞ መኪና ነው። ከመርከብ የሚወርዱትን መኪኖች ቀረጥ ጨርሳ፣ አስፈርማ፣ ወደ አዲስ አበባ ስትሸኝ ዓመታት አልፈዋል። መንዳት ያስተማራት አባቷ ነው፤ በአሮጌው ፔጆ ፒክአፕ፣ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች። የራሷ መኪና ግን ኖሯት አያውቅም።

ከይረዲን ወደ ሳሎን ተመልሶ መልሱን ሲናገር ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ ሙሚን ግን ፊታቸው በራ።

«መኪና ካለችማ ምን ችግር አለ? ግቢዬ ውስጥ ጥቁር መርሴዲስ አለች። ዱባይ አንድ ሐኪም ብቻ ነው የነዳት። ለሚኒስትር ልሸጣት ያሰብኳትን ለልጄ እሰጣታለሁ።»

ከይረዲን ደስ ብሎት ሮጦ ሊነግራት መጣ። ጀዋሪያ ጨርሳ አዳመጠችው።

«አባ፣ የትኛዋን መኪና እንደምፈልግ እኮ ማንም አልጠየቀኝም።»

የምትፈልጋት ኤርፖርት መንገድ ላይ ባለው የመኪና ማሳያ ውስጥ የቆመችውን ነው። ጃፓን የሠራቻት፣ ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትነካ የደረሰች አጭር የስፖርት መኪና። አዲስ ናት። እንደ ስፖርት መኪና ርካሽ ናት፤ ዋጋዋ ካገለገለው መርሴዲስ ብዙም አይርቅም። ጀዋሪያ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ስታልፍ በመስታወቱ ታያታለች። አንድ ቀን ወርዳ ገባች፤ ሻጩም እንድትቀመጥባት ፈቀደላት። ወንበሩ ወገቧን ግራና ቀኝ እቅፍ አድርጎ ያዛት። ፍሪሲዮኑን ረግጣ ማርሹን አንድ በአንድ ቀያየረችው። ሞተሩ አልተነሳም፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምራ ስለ ሌላ መኪና አስባ አታውቅም።

«እሷ ለትዳር የምትሆን መኪና አይደለችም» አለች ዘቢባ። «ልጆች ሲመጡ የት ሊቀመጡ ነው? እኔስ ከኋላ እንዴት ልገባ ነው፣ ተጣጥፌ?»

«ከፊት ትቀመጫለሽ፣ እማ።»

ከይረዲን ሁለቱን ሲያይ ቆየና ወጥቶ ለሽማግሌዎቹ ልጅቷ ትንሽ ልታስብበት ትፈልጋለች አላቸው። ውሸቱ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ዘይድ በሚቀጥለው አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መርሴዲሱን ይዞ መጣ። ረጋ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የሚከብደው ልጅ ነው። የሚሠራው አባቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ወንድሞቹም እዚያው ናቸው።

«ሳትነጂያት አትፍረጂባት» አላት ቁልፉን እየሰጣት። «አርታ ድረስ ደርሰን እንመለስ።»

ዘቢባ ለወጉ ከኋላ ተቀመጠች። ወንበሩ ሰፊ ነበር፣ አየሩም ቀዝቃዛ፤ ከተማውን ሳይጨርሱ እግሯን ዘርግታ ዓይኗን ከደነች።

ጀዋሪያ መርሴዲሱን ወደደችው። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች አጠገባቸው እያጓሩ ሲያልፉ ውስጥ ያለው ሰው የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። መሪው በአንድ ጣት ይዞራል። ከዋናው መንገድ ወደ አርታ ሲታጠፉ ዳገቱን መውጣቱ እንኳን አልታወቃትም። ከዚህ በፊት ከነዳችው ሁሉ የሚበልጥ እንደሆነ ለዘይድ ነገረችው፤ እሱም ፈገግ አለ።

ነገር ግን ከከተማው መውጫ፣ ፔካ ዱዝ ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ ገና ከሩቅ እጁን አንስቶ ነበር። ጠጋ ብሎ ጀዋሪያን ከመሪው ኋላ ሲያይ ገረመው።

«የሐጂ ሙሚን መኪና አይደለችም እንዴ?» አለ በሶማሊኛ። ዘይድ ከጎኗ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲለው አሳለፋቸው። ትንሽ እልፍ እንዳሉ ነዳጅ ማደያ የቆመ ሰው በእጁ ሰላምታ ሰጠ። ሰላም ያለው እሷንም ዘይድንም አይደለም፤ መኪናዋን ነው። አርታ ሳይደርሱ የዘይድ ስልክ ጮኸ። አባቱ ናቸው። ጀዋሪያ ድምፃቸውን ሰማች።

«እሷ ናት አሉ የምትነዳው። ዳገቱ ላይ ቀስ በይ በላት።»

ዘይድ ስልኩን ዘጋ። «ይጨነቃል» አለ እያፈረ።

አርታ ላይ ቁልቁል ባሕሩ የሚታይበት ቦታ አቆመች። ነፋሱ ከከተማው ይቀዘቅዛል።

«ሊብሬው በማን ስም ነው የሚሆነው?» ብላ ጠየቀችው።

«በግቢው ስም ይቆያል። ለቀረጡም ለምኑም ይመቻል ብሏል አባቴ።»

«መህሬ በአባትህ ግቢ ስም?»

«ምን ልዩነት አለው ጀዋሪያ? አንድ ቤተሰብ ነን እኮ።»

«ልዩነትማ አለው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዘቢባ ዓይኗን አልገለጠችም። «መህር በሰው ስም አይቀመጥም። ይሄንን ለአባትህ ንገረው።»



ሐጂ ሙሚን መልእክቱ ሲደርሳቸው ሽማግሌ አልላኩም፤ ራሳቸው መጡ። አሥር ሰዓት ግድም ነው፤ ጫቱ ገብቶ፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ካርቲየ ሰባት ሁሉ ጥላ ውስጥ የተቀመጠበት ሰዓት። ነጭ ጀለቢያቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቋል። ከይረዲን ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበላቸው። ጀዋሪያንም ራሳቸው አስጠሯት።

«ልጄ፣ ስለ ሊብሬው ልክ ነሽ» አሏት። «እኔ እንደ ነጋዴ ነው ያሰብኩት። በስምሽ ይሆናል። ሰኞ እናስጨርሳለን።»

ከይረዲን በእፎይታ ተነፈሰ። ዘቢባም ከበሩ ጋ ሆና «አላህ ይስጥልን» አለች። ሁሉም ወደ ጀዋሪያ ዞሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥሩ ምክንያት ነበራት፤ ማንም ሰው ቢሰማ እውነቷን ነው የሚላት ምክንያት። አሁን ከእጇ ወስደውባታል። ቢሆንም ውስጧን ስትጠይቀው ያንኑ መለሰላት።

«አመሰግናለሁ ሐጂ። መኪናዎም እንከን የለውም፣ ነድቼዋለሁ። እኔ ግን ሰማያዊዋን ነው የምፈልገው።»

«ለምን?»

«ስለወደድኳት።»

ሐጂ ሙሚን ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው እንዲያውም ዝቅ አለ።

«ስሚኝ። ይሄን ግቢ የጀመርኩት አንድ የተጋጨ ላንድክሩዘር ጠግኜ ነው። ሰው ከኔ የሚገዛው መኪናዬን ስላየ አይደለም፣ ሐጂ ሙሚን ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው ብሎ ነው። ነገ የልጄ ሚስት ከሌላ ሰው ማሳያ አዲስ መኪና አውጥታ ስትነዳ ሲያዩ ምን ይላሉ? ለራሱ ምራት ያልሆነውን ለኛ ይሸጥልናል አይሉም?»

ንግግራቸው ልቧን ነካት። ሰውየው የሚናገሩት እውነት ነው።

«ሊሉ ይችላሉ» አለች። «ግን መህሩ የኔ ከሆነ የግቢው ማስታወቂያ ሊሆን አይችልም ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጀዋሪያ» አለ ከይረዲን።

ሐጂ ሙሚን በእጃቸው አስቆሙት። ተነሱ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። በሩ ላይ ሆነው፣ «ኒካሑ እሑድ ነው። በመርሴዲሷ ከተስማማችሁ መልካም» ብለው ወጡ።

ዘቢባ ያን ዕለት ልጇን አላናገረቻትም። ማሰሮውን፣ ድስቱን፣ ያገኘችውን ሁሉ ስታጋጭ አመሸች። ከይረዲን ግን ማግሪብ ከሰገደ በኋላ ልጁ ያለችበት መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሰውየው ሊብሬውን ከሰጠሽ በኋላ ምን ቀረሽ? እኔ ይሄ አልገባኝም።»

«ምንም አልቀረኝም አባ። ምክንያት የለኝም። መፈለግ ብቻውን አይበቃም?»

ከይረዲን ጺሙን አሻሸ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስገዛ የምጠይቀው ይሸጣል ወይ ብዬ ነው» አለ። «ለቤቴም የምገዛውን፣ ለራሴም የምለብሰውን፣ ነገ ማን ይገዛዋል ብዬ ነው የማየው። አንድ ጣቃ እንኳን ቀለሙ ደስ ስላለኝ ብቻ ወስጄ አላውቅም። አሁን ስታወሪ ይሄ ታየኝ።»

«ታዲያ ተሳሳትኩ ወይስ ልክ ነኝ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የምድርሽ ወሊይሽ ግን እኔ ነኝ። እሑድ ሸኹ መህሩ ምንድነው ሲለኝ ያልሽውን እናገራለሁ፣ ያላልሽውን አልናገርም።»

ዘይድን ያገኘችው በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ነው፤ ወደቡ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት። በባሕሩ ዳር እየሄዱ አወሩ። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ላይ የተጋደሙት ጀልባዎች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል።

«አባቴን አዋረድሽው» አለ።

«አላዋረድኳቸውም። እምቢ ነው ያልኳቸው።»

«እሱ ጋ ሁለቱ አንድ ናቸው። እኔን ደግሞ መሐል ላይ አቆምሽኝ። የምሠራው እሱ ግቢ ነው። ነገ ና አትምጣ የሚለኝ እሱ ነው።»

«ዘይድ፣ እኔ ደሞዝ አለኝ። ያቺን መኪና በዱቤ ራሴ ልገዛት እችላለሁ። አባትህ እንዲገዙልኝም አልለመንኩም። መህር ምን ትፈልጊያለሽ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ እናንተ ናችሁ። መልሱን የማትፈልጉት ከሆነ ለምን ጠየቃችሁኝ?»

ዘይድ እርምጃውን ገታ።

«ከግቢው ውጣልኝ አላልኩህም። አባትህን ተጣላልኝም አላልኩህም። እሑድ ሸኹ መህሯ ይሄ ነው ሲልህ ተቀብያለሁ በል። ካልቻልክም አልቻልኩም በል። ሁለቱንም እሰማለሁ።»

«ካልቻልኩስ?»

«ያን ጊዜ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አለች። ሚኒባሱ ሲመጣ ተሳፍራ ሄደች።

እሑድ ኒካሑ ሊታሰር ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ጓዳ። የዘይድ አክስት ሐዲጃ የጀዋሪያን እጅ ይዛ፣ «ተይ የኔ ልጅ፣ ዛሬ እሺ በይ፤ በኋላ የልብሽን ታደርሻለሽ» እያለች ትመክራታለች። ጀዋሪያ እጇ ላይ ያለውን ሂና እያየች ሰማቻት፤ አልመለሰችም። መርሴዲሱ ታጥቦ፣ ነጭ ሪባን ታስሮለት በሩ ላይ ቆሟል። የሰፈሩ ሰው ዙሪያውን ከቦ ያየዋል።

ሸኹ ከሁለት ምስክሮች ጋር እስከ ጓዳው መጋረጃ መጥተው ጠየቋት።

«ጀዋሪያ ከይረዲን፣ ዘይድ ሙሚንን ለማግባት ፈቅደሻል? አባትሽ እንዲድሩሽ ወክለሻል?»

«ፈቅጃለሁ፣ ወክያለሁም። መህሬ ሰማያዊዋ አዲስ መኪና ሆና፣ በስሜ። በሌላ መህር ግን አልወከልኩም።»

ሐዲጃ እጇን ለቀቀቻት። ሸኹ አዛውንት ናቸው፤ ብዙ ኒካሕ አስረዋል። አልተገረሙም።

«መብትሽ ነው» ብለው ብቻ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጀዋሪያ በመጋረጃው ሰማችው እንጂ አላየችውም። ሸኹ ያለችውን ቃል በቃል ደገሙት። አባቷ፣ «ልጄን ጀዋሪያን በተባለው መህር ድሬልሃለሁ» አለ፤ ድምፁ ከሌላ ቀን ከፍ ያለ ነበር። ቀጥሎ መመለስ ያለበት ዘይድ ነበር። አንድ ሰው ሲነሳ ፍራሹ ተንኮሻኮሸ፣ ጫማ ተጎተተ፣ የውጭው በር ተከፈተ። ሐጂ ሙሚን እንደወጡ ሁሉም ገባው። ዘቢባ አፏን በሻሿ ያዘች። ጀዋሪያ ዘይድም ተከትሏቸው እንደሚወጣ እርግጠኛ ሆና ዓይኗን ጨፈነች።

«ተቀብያለሁ» አለ ዘይድ።

ሸኹ ድገመው አሉት። ደገመው።

ሐጂ ሙሚን ምሳው ላይ አልተገኙም። መርሴዲሱን ራሳቸው እየነዱ ሄደዋል፤ ሪባኑን እንኳን አልፈቱትም አሉ ያዩ ሰዎች። በወሩ አንድ የጭነት ነጋዴ ገዛው። ዘይድ እስከዚያ ይነዳው የነበረውን የራሱን ላንድክሩዘር ሸጦ፣ የጎደለውን ታላቅ ወንድሙ ሞልቶለት፣ ሰማያዊዋን አወጣት። ሊብሬው ላይ የጀዋሪያ ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ተጻፈ።

ሐጂ ልጃቸውን ከግቢው አላባረሩም። ግን አያናግሩትም፤ ማዘዝ የፈለጉትን በወንድሞቹ በኩል ያዙታል። ዘይድ አሁን የሚነዳው መኪና ስለሌለው ጠዋት ጠዋት የምታደርሰው ጀዋሪያ ናት። መጀመሪያ ሰሞን፣ «እዚህ ጋ አውርጂኝ፣ የቀረውን በእግሬ ልሂድ» ይላት ነበር። እሷ ግን እስከ ግቢው በር ድረስ ትወስደዋለች። ገዢዎች በቆሙበት፣ ሐጂ ወንበራቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን በሚቆጥሩበት፣ በሩ ላይ ታቆምና መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ» ትላለች። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ሐጂ ይመልሳሉ። ቀና ብለው ግን አያዩም። እሷም ማርሽ አስገብታ ወደ ወደብ ትሄዳለች። አንድም ቀን አላቋረጠችም።

የፈሩት ነገር በጥቂቱ ደረሰ። ሁለት ሦስት ገዢዎች፣ «ምራትዎ ከሌላ ቤት ነው የሚገዙት?» እያሉ ቀለዱባቸው። ከዚያ ሌላ ወሬ መጣና ተረሳ። ግቢው እንደ ድሮው ይሸጣል።

ዘቢባ መኪናዋን እስከ ዛሬ አትወዳትም። ስትገባ ጉልበቷን፣ ስትወጣ ወገቧን ትረግማለች። «ይሄ መኪና ሳይሆን ጫማ ነው» ትላለች። ሆኖም ሃያብለ ሰፈር ያለችውን እህቷን ለመጠየቅ ስትነሳ ከልጇ ጋር ካልሆነ አትሄድም፤ ሚኒባስ መሳፈር ትታለች።

በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ውዳድ አሏት። ለአቂቃው፣ ለልደቷ ድግስ፣ ከይረዲን ቤት በጉ ሲታረድ ሐጂ ሙሚን መጡ። ሕፃኗን አቅፈው ጆሯቸውን ልብሷ ላይ አስጠግተው ትንፋሿን አዳመጡ። ከዘይድም ጋር ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጋገር ጀመሩ፤ ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም።

ሊሄዱ ሲሉ ጀዋሪያ ቁልፏን ይዛ ተከተለቻቸው።

«ፀሐዩ ከባድ ነው ሐጂ፣ ላድርስዎ።»

«እግር አለኝ» ብለው መንገዱን ጀመሩ።

መኪናዋን አስነስታ ከጎናቸው ቀስ እያለች ትነዳ ጀመር። ሐጂ በእግራቸው፣ እሷ በአንደኛ ማርሽ። የካርቲየ ሰባት መንገድ ጠባብ ነው፤ ከኋላ ሁለት ሚኒባስና አንድ ጋሪ ቆመው ክላክሱ በረከተ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች እየሳቁ ማየት ጀመሩ።

«መንገድ ዘጋሽ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ሳይዞሩ።

«ይግቡና ይከፈታል።»

ሐጂ እጃቸውን አንስተው ከፊት በማቋረጫው የሚያልፍ ታክሲ አስቆሙና ገቡ። ጀዋሪያም ታክሲውን ተከትላ ሄሮን ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ ሄደች። ሲወርዱ ከኋላው ቆማ ነበር። ሒሳብ ከፍለው፣ ወደ በራቸው ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ተመልሰው መጥተው በመስታወቱ ጎንበስ አሉ፤ መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት፣ እንደ ነጋዴ፣ ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮቷ እስከ ወለሏ።

«ሦስተኛው ማርሽ አይጠጥርም?» ብለው ጠየቁ።

«አይጠጥርም። ይሞክሩት።»

«አልሞክርም» አሉ ሐጂ። «እኔ የምሸጠውን ነው የምነዳው።»

«እኔም የወደድኩትን» አለች ጀዋሪያ።

ሐጂ ሙሚን ጣሪያዋን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አድርገው በራቸውን ከፍተው ገቡ። ጀዋሪያ ማርሽ አስገብታ መኪናዋን አዞረችና፣ መንገዱ ባዶ ስለነበር፣ ሦስተኛ ድረስ ሳትሳሳ ነዳጅ ሰጠቻት።